ሕፃኑ ከምን ጋር ይታሰር? ከአንቀልባ እስከ መኪና ወንበር የደረሰ አጭር ታሪክ

ስለ አገራችን መንገዶች የሚጻፈው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚተርከው ስለ ድልድዩ፣ ስለ አስፋልቱና ሥራውን ስላዘዙት ባለ ሥልጣኖች ነው። በመንገዱ ላይ ያለፈው ተሳፋሪ እንዴት ተቀምጦ እንደ ተጓዘ፣ ይልቁንም ሕፃኑ በምን ተይዞ እንዳለፈ የጠየቀ ጸሐፊ ግን ጥቂት ነው። እኛ ይህን ጥያቄ ለማንሣት የተነሣነው ነገሩ ትንሽ መስሎ ቢታይም የሕይወትና የሞት ነገር ስለ ሆነ ነው። ለጥናታችንም የመረጥነው ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የሚወስደውን መሥመር ነው፤ ምክንያቱም በአገራችን የጉዞ ፍጥነት ያለፈባቸው ደረጃዎች፣ ከእግረኛውና ከጋሪው ጀምሮ እስከ ባቡሩና እስከ ፍጥነት መንገዱ ድረስ፣ በዚህ በአንድ መሥመር ላይ ተከታትለው ይገኛሉ።

ልናስረዳ የምንፈልገው አሳብ አንድ ነው። የሕፃን ማሰሪያ ታሪክ ላይ ላዩን ሲያዩት የቀበቶ ታሪክ ይመስላል፤ ጠለቅ ብለው ሲመረምሩት ግን ሕፃኑ ከምን ጋር እንደ ታሰረ የሚናገር ታሪክ ነው። በመጀመሪያ ከእናቱ ጀርባ ጋር ታሰረ፤ ቀጥሎ በእናቱ ጭን ላይ ተቀመጠ፤ በመጨረሻም በአንዳንድ አገሮች ከመኪናው አካል ጋር ታሰረ። በእኛ መንገድ ላይ መኪናው እጅግ ሲፈጥን ሕፃኑ ግን ገና በሁለተኛው ደረጃ ላይ ይገኛል። ከዚህ ቀጥሎ በአገራችን የሆነውን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ዓ.ም. ብለን፣ በውጭ አገር የሆነውን በአውሮፓ አቆጣጠር እ.አ.አ. ብለን እንጽፋለን።

አንቀልባና የእግር ጉዞ

አንቀልባ ከለፋ ቆዳ የሚሠራ፣ በዛጎልና በጨሌ የሚያጌጥ የሕፃን ማዘያ መሆኑን ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። እንደ አንድ መሣሪያ ቆጥሮ የመረመረው ግን ብዙ አይደለም። አንቀልባ ሦስት ነገሮችን ያሟላል። አንደኛ፣ ቆዳው ሰፊ ስለ ሆነ የሕፃኑ ክብደት በአንድ ጠባብ ጠፍር ላይ ሳያርፍ በጀርባውና በመቀመጫው ላይ ይከፋፈላል። ሁለተኛ፣ ጠፍሮቹ በእናቲቱ ትከሻ ላይ አልፈው ከፊት ለፊቷ ስለሚቋጠሩ ሕፃኑ ወደ ጎንም ሆነ ወደ ኋላ አይወድቅም። ሦስተኛ፣ ሕፃኑ የታሰረው ጉዞውን ከምታካሂደው ከእናቲቱ አካል ጋር ነው፤ ስትሄድ አብሯት ይሄዳል፤ ስትቆምም አብሯት ይቆማል።

በእግር ለሚሄድ ሰው ከዚህ የተሻለ መሣሪያ ማሰብ ያስቸግራል። በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው በድንገት ከግድግዳ ጋር ቢጋጭ፣ ግጭቱ ከ10 ሳንቲ ሜትር ከፍታ እንደ መውደቅ ነው። አንቀልባ የተበጀው ለዚህ ፍጥነት ነው፤ ለዚህም ፍጥነት ፍጹም ነው። እኛም አንቀልባውን የምናነሣው የአባቶችን ዕቃ ለማወደስ ብቻ አይደለም። ክብደትን ማከፋፈል፣ አጥብቆ መያዝና ከሚጓዘው አካል ጋር ማሰር የተባሉት እነዚህ ሦስት ነገሮች ከዚያ በኋላ የመጡት መሣሪያዎች ሁሉ የሚመዘኑባቸው ስለ ሆኑ ነው።

የመንገዱ ፍጥነት እንዴት እንዳደገ

አውቶሞቢል ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ሲሆን፣ ያመጣውም ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክም ተሳፍረውበታል። ይሁን እንጂ የአዳማን መሥመር በመጀመሪያ የለወጠው አውቶሞቢሉ ሳይሆን የምድር ባቡሩ ነው። ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ የደረሰው ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ፤ አዳማም በጣቢያዋ ዙሪያ እየሰፋች ሄደች። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ናዝሬት ተብላ የተጠራችው ከተማ በ1992 ዓ.ም. የቀድሞ ስሟን መልሳ አግኝታለች።

ባቡር ሕፃኑን ከእናቱ ጀርባ አውርዶ በጭኗ ላይ አስቀመጠው። በወንበር ላይ የተቀመጠች ሴት አዝላ ልትደገፍ አትችልምና፣ ማዘያዋን ፈትታ ልጇን ታቅፋለች። ለውጡ በጸጥታ የተፈጸመ ስለ ነበረ የመዘገበው የለም፤ ነገር ግን ከሦስቱ ሁለቱ የአንቀልባ ጥቅሞች በዚያን ጊዜ ቀሩ። ሕፃኑ ከእንግዲህ የሚያዘው በቆዳና በጠፍር ሳይሆን በእናቱ ክንድ ብርታት ብቻ ሆነ። ሦስተኛውም ጥቅም ቢሆን ትርጉሙ ተለወጠ፤ የሚጓዘው አካል ባቡሩ ሆነ እንጂ እናቲቱ አይደለችም፤ እርሷም ራሷ ከምንም ጋር አልታሰረችም።

ከጣልያን ወረራ በኋላ መንገዱ በፍጥነት አደገ። በ1943 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከዓለም ባንክ የ5 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር የመንገድ ብድር ተዋዋለች፤ በዚያው ዓመትም የአውራ ጎዳና ባለ ሥልጣን ተቋቋመ። በ1946 ዓ.ም. በአዳማ አጠገብ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ተመርቆ ሥራ ሲጀምር፣ ለሥራ የሚጓዘው ሕዝብ በረከተ። በዱከም፣ በቢሾፍቱና በሞጆ አልፎ አዳማ የሚገባው የ100 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከአገሪቱ መንገዶች ሁሉ ጭነት ከሚበዛባቸው አንዱ ሆነ፤ ከጅቡቲ የሚመጣው ዕቃ የሚያልፈው በዚሁ ነውና። በከተሞቹ ውስጥ ደግሞ ጋሪው፣ በኋላም ባጃጁ፣ እናትንና ልጅን ከገበያ ወደ ቤት ያመላልሳል።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ2007 ዓ.ም. ነው። በመስከረም ወር የተመረቀው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ በየአቅጣጫው ሦስት ሦስት መሥመር የተሠራለት፣ የመጀመሪያው የአገሪቱ የክፍያ መንገድ ነው። የተነደፈውም በሰዓት እስከ 120 ኪሎ ሜትር ለሚደርስ ፍጥነት ነው። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 2011 ዓ.ም.፣ የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ። የጨርቃ ጨርቅና የልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ በአብዛኛው ወጣት ሴት እንደ መሆኗ፣ የፓርኩ መከፈት በከተማይቱ የሚጓዙትን እናቶች ቁጥር አበዛ። በሥራ ቀን በሰርቪስ አውቶቡስ ይሄዳሉ፤ በበዓል ቀን ደግሞ ሕፃኑን ታቅፈው ወደ ዘመድ ቤት በሚኒባስ ወይም በቅጥቅጥ ይጓዛሉ።

የፍጥነት ሒሳብ

እዚህ ላይ ታሪኩን ለጥቂት ጊዜ አቁመን ሒሳቡን እንመልከት፤ ነገሩ ያለ ሒሳብ አይገባምና። ተጓዥ መኪና በግጭት በድንገት ሲቆም፣ ከመኪናው ጋር ያልታሰረ ነገር ሁሉ በነበረበት ፍጥነት ወደ ፊት መሄዱን ይቀጥላል። ከላይ እንዳደረግነው ይህን ፍጥነት በመውደቅ እንለካው። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ጋሪ በድንገት ቢቆም፣ ለተሳፋሪው 90 ሳንቲ ሜትር ከሚሆን ከፍታ እንደ መውደቅ ነው። በ50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ሲሆን ከፍታው ወደ 10 ሜትር ይደርሳል፤ ይህም ከሦስት ፎቅ ቤት ጣራ እንደ መውደቅ ነው። በ100 ኪሎ ሜትር ከሆነ 39 ሜትር ይሆናል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ከፍታው አራት እጥፍ እንደሚሆን አንባቢ ይገነዘባል።

አሁን ደግሞ የእናቲቱን ክንድ እንለካ። 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ይዛ በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ስትጓዝ መኪናው በአንድ ሴኮንድ ዐሥረኛ እጅ ውስጥ ቢቆም፣ ሕፃኑን ይዛ ለማስቀረት የሚያስፈልጋት ኀይል የ140 ኪሎ ግራም ሸክም የመያዝ ያህል ነው፤ ይኸውም ወደ አንድ ኩንታል ተኩል የሚጠጋ ነው። ፍጥነቱ 100 ሆኖ የመቆሚያው ጊዜ ያው ቢሆን፣ ሦስት ኩንታል ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። አንድ ኩንታል ጤፍ ከመሬት ለማንሣት ሁለት ሸክም የለመዱ ወንዶች ይተጋገዛሉ። ሦስት ኩንታል የሚያህል ነገር በዐይን ጥቅሻ ጊዜ ውስጥ ከክንዷ ሲመነጨቅ ማስቀረት የምትችል እናት በዓለም ላይ የለችም። ፍቅሯ ስላነሰ አይደለም፤ ክንድ የተፈጠረው ለዚህ ስላልሆነ ነው።

ከዚህም የባሰ ነገር አለ። እናቲቱ ራሷ ቀበቶ ካላሰረች፣ የእርሷ 55 ወይም 60 ኪሎ ከሕፃኑ በስተ ኋላ መጥቶ ከፊት ወንበሩ ጋር ያጣብቀዋል። አንዱን ቀበቶ ለሁለት ቢያስሩትም ያው ነው፤ ቀበቶው እናቲቱን ሲይዝ እናቲቱ ሕፃኑን ትጨፈልቃለች። እንግዲህ በእግር ጉዞ ከሁሉ የሚሻለው ቦታ፣ የእናት አካል፣ በመኪና ጉዞ አደገኛው ቦታ ሆነ።

በውጭ አገር የተደረገው ምርምር

አውቶሞቢልን የፈለሰፉት አገሮችም ይህን ነገር ቶሎ አልተረዱትም። እ.አ.አ. በ1930ዎቹ በአሜሪካ የተሸጡት የመጀመሪያዎቹ የሕፃናት የመኪና ወንበሮች ዓላማቸው ሕፃኑን ከአደጋ ማዳን አልነበረም፤ ከፍ አድርገው መስኮቱን እንዲያይ፣ ነጂውንም እንዳይረብሽ ለማድረግ ነበር እንጂ። በኋላ የመጡትም ቢሆኑ በፊት ወንበሩ መደገፊያ ላይ በብረት ሜንጦ የሚንጠለጠሉ ነበሩ። ሕፃኑ ከወንበሩ ጋር ታሰረ፤ ወንበሩ ግን ከመኪናው ጋር አልታሰረም።

መንገዱን የከፈቱት ስለ አውሮፕላን የተደረጉ ምርምሮች ናቸው። አሜሪካዊው የአየር ኀይል ሐኪም ጆን ፖል ስታፕ እ.አ.አ. በታኅሣሥ 1954 በሮኬት በሚነዳ ሸርተቴ ላይ ራሳቸውን አሳስረው በሰዓት 1,017 ኪሎ ሜትር ከተጓዙ በኋላ፣ ከአንድ ሴኮንድ ተኩል ባነሰ ጊዜ ውስጥ ቆመው በሕይወት ወጡ። ከዚህም የተገኘው ትምህርት የሰው አካል ከሚጓዘው ነገር ጋር በደንብ ከታሰረ ከተገመተው በላይ ሊታገሥ እንደሚችል ነው። ቀደም ሲል ለጦር አውሮፕላን ወንበር ሲነድፉ የነበሩት ስዊድናዊው መሐንዲስ ኒልስ ቦሊን ደግሞ ወደ ቮልቮ ኩባንያ ተዛውረው፣ እ.አ.አ. በ1959 በሦስት ነጥብ የሚታሰረውን ቀበቶ አወጡ። ይህ ቀበቶ በደረትና በዳሌ ላይ ስለሚያልፍ ጉልበቱን በጠንካራው አጥንት ላይ ያከፋፍላል። ኩባንያውም ፈጠራውን ሌሎች ሁሉ እንዲጠቀሙበት ፈቀደ።

ይሁን እንጂ ሕፃን ትንሽ ትልቅ ሰው አይደለም። የተወለደ ሕፃን ራስ ከቁመቱ አንድ አራተኛ ያህል ነው፤ አንገቱ ገና ለስላሳ ነው፤ የዳሌው አጥንት ቀበቶ ለመያዝ አልጠነከረም። ይህን የተመለከቱት ስዊድናዊው ሐኪም በርቲል አልድማን እ.አ.አ. በ1964 ፊቱን ወደ መኪናው ኋላ አዙሮ የሚቀመጥ የሕፃን ወንበር ሠርተው ሞከሩ። አሳቡን ያገኙት የጠፈር ተጓዦች በጀርባቸው ተንጋለው ሲነሡ በመመልከት ነው። መኪናው ከፊት ሲጋጭ የወንበሩ መደገፊያ የሕፃኑን ራስ፣ አንገትና ጀርባ በአንድነት ይቀበላል። ከላይ የጠቀስነውን አንቀልባ እናስታውስ፤ ሰፊ ድጋፍ፣ የተከፋፈለ ክብደት፣ ጥብቅ ማሰሪያ። አልድማን ስለ አንቀልባ አስበው ነበር ማለታችን አይደለም፤ ጥሩ መሣሪያ ሁሉ የሚታዘዘው ለአንድ ዓይነት ሕግ መሆኑን ለማሳየት ያህል ነው። ልዩነቱ የመጨረሻው ጫፍ የታሰረበት ቦታ ላይ ነው፤ የአንቀልባው በሰው ላይ፣ የዚህኛው በብረት ላይ።

ሕጉና ጭኑ

ከመሣሪያው ይልቅ ሕጉ ዘገየ። ቀበቶ ማሰርን በሕግ ያስገደደ የመጀመሪያው ግዛት እ.አ.አ. በ1970 የአውስትራሊያው ቪክቶሪያ ነው። ስለ ሕፃናት ግን የመጀመሪያውን ሕግ ያወጣው የአሜሪካው ቴነሲ ሲሆን፣ ሕጉ ሥራ ላይ የዋለው እ.አ.አ. በጥር 1978 ነው። ለዚህ ሕግ ብዙ የደከሙት ዶክተር ሮበርት ሳንደርስ የተባሉ የሕፃናት ሐኪም ናቸው።

ስለዚህ ሕግ ለእኛ ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው በውስጡ የገባው አንድ አንቀጽ ነው። ሕግ አውጪዎቹ ሕፃን በልዩ ወንበር እንዲታሰር ካዘዙ በኋላ፣ በትልቅ ሰው ክንድ የታቀፈ ሕፃን ግን ከዚህ ግዴታ ነፃ እንዲሆን ፈቀዱ። የእናት እቅፍ አደገኛ ነው ብሎ መጻፍ ለማንም ሰው ይከብዳልና። ተቃዋሚዎቹ ይህን አንቀጽ «ሕፃን ጨፍላቂ» ብለው ሰየሙት፤ ከሦስት ዓመት ክርክር በኋላም እ.አ.አ. በ1981 ተሰረዘ። በ1985 ሁሉም የአሜሪካ ግዛቶች የሕፃናት ሕግ አወጡ። በአውሮፓም እ.አ.አ. በ1981 ቁጥር 44 የተባለው የሕፃናት ወንበር ደንብ ወጣ፤ በእርሱም መሠረት ወንበሩ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር በሚደረግ የግጭት ሙከራ ይፈተናል። ባለጸጋና የተማረ በሚባለው አገር እንኳ ሕፃኑን ከጭን ለማውረድ ይህን ያህል ጊዜ ከፈጀ፣ የእኛን እናቶች አላወቁም ብሎ መውቀስ ተገቢ አይሆንም።

በእኛ መንገድ ላይ

በአገራችን በ2003 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 208 በመንገድ ትራፊክ ቁጥጥር ውስጥ የቀበቶን ነገር አስገብቷል። ከዚያ ወዲህ ነጂውና በጋቢና የሚቀመጠው ተሳፋሪ ቀበቶ ማሰርን እየለመዱ መጥተዋል፤ ምንም እንኳ አንዳንዱ ነጂ ቀበቶውን የሚስበው የትራፊክ ፖሊስ ከሩቅ ሲያይ ቢሆንም። ከጋቢና በስተ ኋላ ያለው ነገር ግን ሌላ ነው። በብዙ ሚኒባስ ውስጥ የኋላ ቀበቶ ከወንበር ልብስ ሥር ተቀብሯል ወይም ከነጭራሹ ተነቅሏል። ሕፃኑም በጭን ላይ ነው።

የዚህ ምክንያት በአብዛኛው አለማወቅ ነው ይባላል። እኛ ግን ዋናው ምክንያት የወንበር ሒሳብ ይመስለናል። በጭን ላይ የሚቀመጥ ልጅ አይከፈልበትም፤ ለብቻው ከተቀመጠ ግን የሙሉ ሰው ዋጋ ይጠየቅበታል። ረዳቱም ትርፍ ሰው ለመጫን ሲል ልጁን ታቀፊው ይላል። ስለዚህ ሕፃኑን በጭን ላይ የሚያስቀምጠው የእናቱ ልማድ ብቻ ሳይሆን የታሪፉም ደንብ ነው። ይህን ሳይለውጡ ስለ ቀበቶ ማስተማር በወንፊት ውኃ እንደ መቅዳት ነው።

ጉዳቱን በቁጥር ለማየት የዓለም ጤና ድርጅት እ.አ.አ. በ2018 ያወጣውን ዘገባ መመልከት ይበቃል። በኢትዮጵያ እ.አ.አ. በ2016 በመንገድ አደጋ ሞቱ ተብሎ በመንግሥት በኩል የተመዘገበው 4,352 ሰው ሲሆን፣ ድርጅቱ ራሱ የገመተው ግን 27,326 ነው። የሕፃናት ወንበር በትክክል ቢሠራበት የሕፃናትን ሞት 60 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችልም ይኸው ድርጅት ይገልጻል።

አንድ ሰው ተነሥቶ፣ «ይህ ለባለጸጋ የተፈጠረ ዕቃ ነው፤ ለፋብሪካ ሠራተኛ ከየት ይመጣል?» ቢል ክርክሩ ከንቱ አይደለም። የራሷ መኪና የሌላት እናት ወንበሩን ተሸክማ ከሚኒባስ ወደ ባጃጅ ልትዛወር አትችልም። ነገር ግን ገንዘብ የማይጠይቁ ነገሮች አሉ። ሕፃን ይዞ በጋቢና አለመቀመጥ፣ አንዱን ቀበቶ ለሁለት አለማሰር፣ እናቲቱ ራሷ ማሰር፣ ከፍ ያለውን ልጅ በራሱ ወንበርና በራሱ ቀበቶ ማስቀመጥ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ነጂው ፍጥነቱን እንዲቀንስ መጠየቅም ዋጋ የለውም አይባልም፤ በጣም ጥሩው ወንበር እንኳ የተፈተነው በ50 ኪሎ ሜትር ግጭት እንጂ በ120 አይደለምና።

ገንዘብ የሚጠይቀውም ቢሆን ከአቅም በላይ ነው ብለን አናምንም። ቀበቶ ማለት በጥብቅ የተሸመነ ጥብጣብ ነው፤ ሽመና ደግሞ ለአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ እንግዳ ሥራ አይደለም። ጥብጣቡ በአገር ውስጥ ተሸምኖ፣ በደረጃ መዳቢው መሥሪያ ቤት ተፈትኖ፣ ለአውቶቡስና ለሚኒባስ ወንበር የሚሆን የልጆች ማሰሪያ ቢሠራ ዋጋው ከውጭ ከሚመጣው ሊቀንስ ይችላል። ሳይፈተን የሚሸጥ ማሰሪያ ግን ካለመኖር ሊብስ እንደሚችል መዘንጋት የለበትም፤ ሰው ይተማመንበታልና።

ማጠቃለያ

ከላይ የተመለከትነውን ባጭሩ ብንደግመው፣ ሕፃኑ ከጀርባ ወደ ጭን የወረደው ጉዞው በመቀመጫ ላይ በሆነ ጊዜ ነው፤ ከጭን ወደ መኪናው አካል መሻገር የሚገባው ደግሞ ፍጥነቱ ከክንድ ኀይል በላይ በሆነ ጊዜ ነበር። በአዲስ አበባና በአዳማ መካከል ይህ ጊዜ ካለፈ ብዙ ዓመት ሆኖታል። የፍጥነት መንገዱ ከተመረቀበት ቀን ጀምሮማ የማያጠያይቅ ሆኗል።

ይህን ጽሑፍ የሚያነቡ ባልደረቦቻችን ሥራውን እንዲቀጥሉበት አንድ ነገር እናሳስባለን። በአዳማ መናኸሪያ በአንድ የገበያ ቀንና በአንድ የበዓል ዋዜማ ቆሞ፣ ከሚወጡት መኪኖች ስንቱ የሚሠራ የኋላ ቀበቶ እንዳለው፣ ስንት ሕፃን በጭን ላይ፣ ስንቱ በጋቢና እንደ ተሳፈረ፣ ለብቻው ለተቀመጠ ልጅም ምን ያህል እንደ ተከፈለ መቁጠር ይቻላል። ሥራው ደብተር፣ እርሳስና ትዕግሥት እንጂ ሌላ ወጪ አይጠይቅም። ስለ ታሪፉና ስለ ወንበሩ ከባለ ሥልጣኖችና ከማኅበራት ጋር ለመነጋገር በቅድሚያ የሚያስፈልገው ይህ ቁጥር ነው።